ከቤተ ማርያም ወለል ላይ
ስለ ላሊበላ ጉዞና ስለ አንዲት ታናሽ የካሜራ መቆሚያ

ወደ ተቀደሰ ስፍራ የሚጓዝ ሰው ሁሉ አንድ ዐደራ ሳይዝ አይነሣም። አንዱ የታመመ ልጁን ስም፣ ሌላው የስለት ጃንጥላ፣ ሌላዋም ለጎረቤቷ ጠበል የምታመጣበትን ጠርሙስ ይዛ መንገድ ትጀምራለች። እኔም ባለፈው ጥር ወር፣ የልደት በዓል ተከብሮ ሕዝቡ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ ላሊበላ ስወጣ የያዝሁት የእናቴን ዐደራ ነበረ።

እናቴ በ1946 ዓመተ ምሕረት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከደላንታ ተነሥታ ከአባቷ ጋራ በእግሯ ተጉዛ ላሊበላን ተሳልማለች። ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ ለመሄድ ስትመኝ ኖረች፤ ነገር ግን በፊት ትዳርና ልጅ ማሳደግ፣ ኋላም የጉልበት ሕመም ከለከላት። አሁን ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ዐይኗም እየደከመ ስለ ሄደ፣ መንገድ መነሣቴን በነገርኋት ጊዜ እንዲህ አለችኝ፤

«ልጄ፣ የቤተ ማርያምን ጣራ በፎቶግራፍ አንሥተህ አምጣልኝ። አባቴ ከምሰሶው ሥር አስቀምጦኝ፣ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ሽቅብ እያየሁ ነበር። ሐረጉንና ወፎቹን፣ ዐይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልያቸው።»

ጥያቄዋ ቀላል ይመስል ነበረ። ነገር ግን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ስለ ሆኑ ውስጣቸው ጨለም ያለ ነው። ብርሃን የሚገባቸው በደጆቹና በታናናሽ መስኮቶች ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ካሜራ በቂ ብርሃን ይሰበስብ ዘንድ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ፣ ዐይኑን ከፍቶ መቆየት ይኖርበታል። የሰው እጅ ግን ያን ያህል ጊዜ ፈጽሞ ሳይነቃነቅ ሊቆይ አይችልም፤ ትንፋሽም የልብ ምትም ያንቀሳቅሱታልና። ምንም እንኳ የዛሬ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርሙበት ብልሃት ቢኖራቸው፣ ያም ቢሆን ወሰን አለው። ፍላሽ ማብራት ደግሞ የድንጋዩን ጥላ አጥፍቶ ሁሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከዚያም በላይ በጸሎት ላይ ያለውን ሰው ያስደነግጣል። እንግዲህ ካሜራውን የሚሸከም ነገር ማግኘት ግድ ሆነ።

የካሜራ መቆሚያ ሁለት ዐይነት ነው ልንል እንችላለን። አንደኛው ሰዎች ትራይፖድ የሚሉት ትልቁ ባለ ሦስት እግር ሲሆን፣ ሲዘረጋ እስከ ሰው ደረት ወይም ራስ ይደርሳል፤ ክብደቱም ሁለት ኪሎ ያህል ይሆናል። ሁለተኛው ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጠው ታናሹ ነው። የዚህ የታናሹ እግሮች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ክብ አንጓዎች የተሠሩ ናቸው። አንጓዎቹ እየተፋተጉ ስለሚጠባበቁ፣ እግሩን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ቢያጥፉት የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቆያል። በአግዳሚ ብረት ላይ ይጠመጠማል፤ በቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ በተሰባበረ ድንጋይ ላይም አንዱን እግር አሳጥሮ ሌላውን አስረዝሞ ይቆማል። ይህን ዐይነቱን መቆሚያ በሰፊው ያስተዋወቀው ጆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ጎሪላፖድ ብሎ የሰየመውን እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች አምሳያውን እየሠሩ ሸጠዋል። የእኔይቱ ከእነዚህ አምሳያዎች አንዷ ናት። ከረጢት ውስጥ ስትገባ የት እንዳለች እንኳ የማትታወቅ ቀላል ነገር ስለ ሆነች፣ ትልቁን ከቤት ትቼ እርሷን ብቻ ይዤ ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ አውሮፕላን የሚበርረው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከማረፊያው እስከ ከተማው ያለው መንገድ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ የላስታ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ብቅ እያሉ ይታያሉ። እናቴ ሦስት ቀን የሄደችበትን አገር እኔ ተቀምጬ በደመና ላይ አለፍሁት፤ ይህም ከራሴ ጋራ ጥቂት አሳፈረኝ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የቀድሞ ስሙ ሮሐ ነበረ። ዛሬ የሚጠራው በቅዱሱ ንጉሥ በላሊበላ ስም ነው። ንጉሡ ከዐሥራ ሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እስከ ዐሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጔ ንጉሥ ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለእኛ ግን ከመዝገቡ በፊትም ሆነ በኋላ የጸሎት ቤቶች ናቸው፤ ዛሬም ይቀደስባቸዋል፣ ይቆረብባቸዋል።

በመጀመሪያው ጧት፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ገባሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የሚበልጥ ሲሆን ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ከፍታውም 11 ሜትር ያህል ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ተሳልሜ፣ ከጠባቂው ካህን ፈቃድ ከጠየቅሁ በኋላ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ቆምሁ። በዚያን ጊዜ አንድ እንግዳ ትልቁን ባለ ሦስት እግር በምሰሶዎቹ መካከል ዘርግቶ ነበር። አንዲት ባልቴት ለመሳለም ስትመጣ እግሮቹ መንገዱን ስለ ዘጉባት፣ ግድግዳውን ይዛ ዞራ ለመሄድ ተገደደች። እንግዳው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዐይኑ በካሜራው ላይ ስለ ነበረ አላያትም። እኔም በልቤ «የእኔይቱስ ማንንም አታሰናክልም» ብዬ ታናሿን አወጣሁ። ትዕቢቴ ግን ብዙ አልቆየም።

መቆሚያዋን በምንጣፉ ላይ አቁሜ፣ ሩቅ ያለውን ቅርጽ ለማቅረብ ረዥሙን ሌንስ አድርጌ አነሣሁ። ፎቶግራፉን በካሜራው ጀርባ ባየሁት ጊዜ ምሰሶዎቹ ሁሉ ድርብ ሆነው፣ ጠርዛቸው እንደ ጢስ ተበትኖ አገኘሁት። ደግሜ ባነሣም ያው ሆነ። ተቀምጬ በትዕግሥት ብመለከት ምክንያቱ ተገለጠልኝ፤ ይኸውም ካሜራው እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ቀስ ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር። በመቆሚያዋ ላይ የተጻፈው አቅም 1 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ካሜራው ከረዥሙ ሌንስ ጋራ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ደግሞም ረዥም ሌንስ ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያወጣው፣ ከልኩ በላይ ይጫናል። አንጓዎቹ በመፋተግ ብቻ የሚቆሙ ስለ ሆኑ፣ ሳይሰበሩ ግን ሳይጸኑ ጥቂት በጥቂት ይሸሻሉ። በዚህ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ለስላሳ መሠረት ነው፤ ሰው በአጠገብ ባለፈ ቁጥር መቆሚያዋ ትርገበገባለች።

ስለዚህ ረዥሙን ሌንስ አውጥቼ አጭሩንና ቀላሉን አደረግሁ። ከሦስቱ እግሮች አንዱን ሌንሱ ወደሚያመለክትበት ወደ ፊት አዞርሁት፤ ክብደቱ ያዘነበለው ወደዚያ ነውና። ምንጣፉ በሚያልቅበት በባዶው ድንጋይ ላይ አቆምኋት። ቁልፉን በጣቴ ስጫን ካሜራው እንዳይናወጥም፣ ከተጫንሁት ከሁለት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሣ አዘዝሁት። በዚህ ጊዜ የምሰሶዎቹ ጠርዝ በስለት እንደ ተቈረጠ ጥርት ብሎ ወጣ። እንግዲህ የዕለቱ የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነበረ፤ ታናሽ መቆሚያ ታናሽ ሸክም ትወዳለች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን የቆመ፣ መላ አካሉ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ፣ በጣራውም ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች የተቀረጹበት ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያየው ሰው ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጣራውን በሙሉ ለማንሣት ከፍ ወዳለው ተዳፋት ወጥቼ ቦታ ስፈልግ፣ ከጉድጓዱ አቅጣጫ ያዘነበለ አንድ ቁጥቋጦ አየሁ። የመቆሚያዋን እግሮች በቅርንጫፉ ላይ ጠመጠምኋቸው፤ በእውነቱ አጠማጠሟ የሚያስደስት ነበረ። እጄን እንዳነሣሁ ግን ነፋስ ነፈሰ፤ ቅርንጫፉ ጎበጠ፤ ካሜራውም በቅርንጫፉ ዙሪያ ተንሸራቶ ወደ ታች ተዘቀዘቀ። የካሜራውን ማንገቻ ቀድሜ በእጄ አንጓ ላይ ጠምጥሜ ነበርና ብቻ ተረፈ።

ልቤ ደነገጠ። የደነገጥሁትም ለካሜራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ከጉድጓዱ በታች፣ በአደባባዩ፣ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ግድግዳውን እየተሳለሙ ነበር። ካሜራው ቢወድቅና ተዳፋቱን ይዞ ቢንከባለል በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ እግዚአብሔር ያውቃል። የመቆሚያዋ ዋና ምስጋና በሁሉ ነገር ላይ መጠምጠሟ ነው፤ ዋና አደጋዋም ይኸው ነው። እርሷ የያዘችውን አጥብቃ ብትይዝም፣ የተያዘው ነገር ጽኑ መሆኑን አትመረምርም። ያን መመርመር የባለቤቷ ሥራ ነው።

በማግሥቱ ጧት ወደ ቤተ ማርያም ሄድሁ። ቅዳሴ ነበረና ካሜራውን ከረጢቱ ውስጥ ትቼ ከሕዝቡ ጋራ ቆምሁ። ከተፈጸመ በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ ቀረሁ። ቤተ ማርያም ከቤተ መድኃኔ ዓለም ታንሳለች፤ በጌጥ ግን ትበልጣታለች። ቅስቶቿና የጣራዋ ሥር በሐረግ፣ በመስቀልና በአእዋፍ ሥዕል ያሸበረቁ ናቸው። በመካከል ያለው ዓምድ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ይኖራል፤ አይገለጥም። ሽቅብ ባየሁ ጊዜ የእናቴ ወፎች እዚያው ነበሩ፤ ቀለማቸው ደብዝዟል፤ ነገር ግን አሉ።

ከወለሉ ላይ ሆኖ ማንሣት ለእኔ ዝቅ ያለ መስሎ ታየኝ። «ጥቂት ከፍ ብል ይሻላል» ብዬ ዙሪያዬን ስመለከት፣ በመስቀል አምሳል የተፈለፈለውን መስኮት አየሁ። የመስቀሉ ክንድ ለመቆሚያዋ እግር ልክ ነበረ። አንዱን እግር በቀዳዳው ሳሾልክ፣ ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ተሰማኝ። አንድ አረጋዊ ካህን ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ እርሱ መስቀል ነው እንጂ የዕቃ መስቀያ አይደለም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቍጣ አልነበረውም።

አፍሬ እግሩን ቀስ ብዬ አወጣሁት። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ድንጋይ ስለ ሆነ አይጎዳም ብዬ ነው» አልሁ።

«ድንጋይም ያረጃል። ስምንት መቶ ዓመት ዝናብና ነፋስ በልቶታል። ዛሬ አንተ ብታስርበት፣ ነገ ሌላው፣ ከነገ ወዲያ መቶው ሰው ያስርበታል። እያንዳንዱ አንዲት ፍርፋሪ ቢያወርድ ለልጅ ልጅህ ምን ይቀራል?» አሉና መቆሚያዋን ተቀብለው አንጓዎቹን በጣታቸው እየቈጠሩ ተመለከቷት። «ይህችስ ምንድን ናት?»

«ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የምትደግፈው ናት፣ አባቴ።»

«እንዲያ ከሆነ የካሜራህ መቋሚያ ናታ!» ብለው ፈገግ አሉ። «መቋሚያ ቦታው መሬት ነው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስንቆም መቋሚያችንን መሬት እናስይዘዋለን እንጂ በግድግዳ አንሰቅለውም። ከመሬት አስቀምጣት፤ መሬትስ የምንሰግድበት አይደለምን?»

የእናቴን ዐደራ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ በአንድ ምሰሶ ሥር ምንጣፉን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ባዶውን ድንጋይ አሳዩኝ። ወለሉ የብዙ ዘመን እግር የረገጠው ስለ ሆነ አንዱ ወገን ጎድጎድ ያለ ነበረ። ትልቁ መቆሚያ ቢሆን በዚያ ጠባብ ስፍራ እግሩን ባልዘረጋም ነበር፤ ታናሿ ግን አንዱን እግር አጠፍ፣ ሌላውን ዘርጋ አድርጌላት ቀጥ ብላ ቆመች። ካሜራውን ወደ ጣራው ቀና አደረግሁት። ከወለሉ የነበረው ከፍታ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። መጀመሪያ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ በካሜራው ጀርባ ለማየት ግን ያም አልበቃምና ጉንጬ ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ዝቅ አልሁ። ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያም አራት ሰከንድ እያልሁ ዘጠኝ ጊዜ አነሣሁ። ካህኑም በደጁ ቆመው፣ ሰው በአጠገቤ እንዳያልፍ እስክጨርስ ድረስ ጠበቁልኝ።

ስለዚህች መቆሚያ ጥቅምና ጉዳት ለሚጠይቀኝ ቤተሰብ የምመልሰው እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን ነው።

ጥቅሟ፣ ቀላል ስለ ሆነች በእግር ለሚጓዝ ሰው ሸክም አትሆንም። ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ትቆማለች። በጠባብ ስፍራ የሰውን መንገድ አትዘጋም። የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ጊዜም፣ በጠረጴዛ ወይም በአጥር ብረት ላይ አቁሞ አንሺው ራሱ ከቤተሰቡ ጋራ ይቆም ዘንድ ታስችላለች፤ አባት ከልጆቹ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ የሚጎድልበት ምክንያት ይቀራል ማለት ነው። የእጅ ስልክ ለሚጠቀሙትም፣ ስልኩን የምትቈነጥጥ ታናሽ መያዣ ከላይዋ ቢያደርጉ ታገለግላለች። ስልክ በጨለማ ሲያነሣ ጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆየት ይፈልጋልና፣ በእጅ ከተነሣው ይልቅ በእርሷ ላይ ቆሞ የተነሣው የጠራ ይሆናል።

ጉዳቷ ደግሞ፣ ቁመቷ አጭር ስለ ሆነ ከፍ ያለ ነገር ካላገኘች ዓለምን ሁሉ ከመሬት ታሳያለች። ከልኳ በላይ ከጫኗት ሳትናገር ታዘነብላለች፤ ስለዚህ ካሜራውንና ሌንሱን አብሮ መዝኖ፣ ከሁለቱ ድምር የሚበልጥ አቅም ያላትን መግዛት ይገባል። ካሜራውን በጎኑ አቁመው ቢያነሡ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ይበልጥ ትደክማለች። አንጓዎቿም ብዙ ጊዜ ሲታጠፉ ስለሚላሉ፣ በየጊዜው እየጎተቱ መፈተን ያስፈልጋል። በነፋስ ላይ፣ በገደል አፋፍና ሰው በሚያልፍበት ስፍራ በላይ ግን፣ ማንገቻው በእጅ ሳይያዝ ከቶ አትታመንም። በመጨረሻም፣ በተቀደሰ ስፍራና በጥንት ቅርስ ላይ እንድትጠመጠም መፍቀድ አይገባም፤ መጠምጠም ስለ ተቻለ ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለምና።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ከዘጠኙ አንዱን መርጬ፣ እናቴ ያለ መነጽር እንኳ ለማየት እንድትችል በሰፊ ወረቀት አሳተምሁት። በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ሰጠኋት። ወረቀቱን ወደ ዐይኗ አስጠጋች፤ አራቀችው፤ ደግሞ አስጠጋች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እኔም «አልታያት ይሆን?» ብዬ ሰጋሁ።

በኋላ ጣቷን በፎቶግራፉ ግርጌ፣ ምሰሶው ሽቅብ በሚጀምርበት ስፍራ ላይ አሳርፋ፣ «ይህንማ ከተቀመጥሁበት ነው ያነሣኸው» አለችኝ። «እኔ ቆሜ አላየሁትም እኮ። ልጅ ነበርሁ፤ አባቴ አስቀምጦኝ ነበር። ልክ እንዲህ ነበር፤ ምሰሶው እንዲህ ረዝሞ፣ ወፎቹ እንዲህ ርቀው።»

ያን ጊዜ ነገሩን አስተዋልሁ። በመስኮቱ ላይ አስሬው ቢሆን ኖሮ የማመጣላት የቆመ ሰው ያየውን ጣራ ነበር፤ እናቴ ግን እርሱን አታውቀውም። እኔ እንደ ጉድለት የቈጠርሁት የመቆሚያዋ እጥረት፣ በምሰሶ ሥር ከተቀመጠች የሰባት ዓመት ልጅ ዐይን ጋራ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ያንንም የመረጥሁት እኔ አልነበርሁም፤ ከመስኮቱ የመለሱኝ አባት ናቸው።

ፎቶግራፉ አሁን በእናቴ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ ይገኛል። ጧት ጧት ከጸሎቷ በኋላ ልጆቹን ጠርታ ወፎቹን ታስቈጥራቸዋለች፤ እርሷ ስታጣቸው እነርሱ ያገኙላታል። ሁለተኛውን ቅጅ በሰው እጅ ወደ ላሊበላ፣ ለእኒያ አረጋዊ ካህን ልኬላቸዋለሁ። እግዚአብሔር ቢፈቅድና የመንገዱን ድካም የሚያስችላት ጤና ቢሰጣት፣ ለሚመጣው ልደት እናቴን ራሷን ይዣት ለመሄድ አስቤአለሁ። ያን ጊዜ ካሜራው ከቤት ቢቀርም ግድ የለኝም።